አረንጓዴውን አቀብዪኝ

አባቴ ቀለም መለየት እንደማይችል ሰው ፊት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያዳንኩት መስሎኝ ነው።

ይሄን የምጽፈው ሰው ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ሳሎናቸውን ዙሪያውን ስትሪፕ መብራት ለጥፌ ጨርሼ፣ ልሞክር ስል መብራት ሄደ። ሳልሞክር መሄድ አልችልም። ባለቤቲቱ «አሁን ይመጣል፣ ቁጭ በይ» ካለችኝ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። ስለዚህ ልጻፍ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ያኔ አርባ ምንጭ ውስጥ የሚለጠፍ መብራት ያለው ሆቴሎችና አንድ ሁለት ፀጉር ቤት ነበር። ሰው ቤቱ አያስገባም። እኛ ቤት ገባ።

አባቴ ዳልጮ ሸማኔ ነበር፣ የዶርዜ ሰው። ቤታችን ሲቀላ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ኖራ የተቀባ የጭቃ ቤት፣ ሁለት ክፍል። አንዱ የምንኖርበት ነው። ሌላው የሸማው ዕቃ የተተከለበት፤ መሬቱ ላይ ጉድጓድ አለ፣ አባቴ እግሩን እዚያ ውስጥ አስገብቶ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። አንዲት መስኮት አለችው፣ ጭንቅላት የማታስገባ። ከጣሪያው አንድ ቢጫ አምፖል ተንጠልጥሏል።

አንድ ቀን ባርኮትን አስጠራው። ባርኮት የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ያኔ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ይማር ነበር። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቴስተር አለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ይዞት ነው የሚሄደው።

«ብርሃን ፈልጌ ነበር» አለው አባቴ።

«ጋሼ፣ ስትሪፕ ላድርግልህ! የሚለጠፍ ነው። ሪሞት አለው፤ ቁጭ ብለህ ጫን ስታደርገው ቀይ፣ ጫን ስታደርገው ሐምራዊ። አሥራ ስድስት ቀለም!»

«ቀለም እኔ ጋ ሞልቷል። አንተ ብርሃን አምጣ።»

«እሺ፣ ነጩ ይሁን።»

«ነጭ። ቀን የሚመስል።»

እናቴ ወርቂቱ በሩ ላይ ሰፌድ ይዛ በቆሎ ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አባቴን አየችው። ቆየች። ከዚያ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች። መብራቱን ያልወደደችው መሰለኝ። እኔ ግን በነጋታው ክፍል ውስጥ ላገኘሁት ሁሉ «ቤታችን ሆቴል ሊመስል ነው» ብዬ አወራሁ።

ቅዳሜ ባርኮት መጣ። መብራቱ እንደ ሜትር ተጠቅልሎ ነው ያለው። ሲዘረጋው በየጣት ርዝመቱ ትንሽዬ መቀስ ተስላበታለች።

«ይቺ መቀስ ምንድናት?»

«መቁረጫው ነው። እዚህ ላይ ብቻ ነው የሚቆረጠው። ከዚህ ውጪ ከቆረጥሽው ይሞታል።»

«ሞቶ ያውቃል?»

«ዝም በይና ወንበሩን ያዢ።»

ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት እየላጠ መሬት ላይ ጣለ፤ እኔ ለቀምኩት፤ ያንሸራትታል። ግድግዳውን በጨርቅ ወለወለው። ጨርቁ ነጭ ሆነ። ደግሞ ወለወለው፣ ደግሞ ነጭ ሆነ። «ይሄ ግድግዳ አያልቅም እንዴ?» አለና ለጠፈው። አምፖሉን አውርዶ በሩ ጋ ካለው ማብሪያ ጋር አገናኘው። ክፍሉ በራ።

እኔና እናቴ አጨበጨብን። አባቴ አላጨበጨበም። እጁን ወደ መብራቱ ዘርግቶ መዳፉን አየ፣ ገልብጦ የእጁን ጀርባ አየ። ብዙ ቆየ። በእጁ የተደነቀ ነበር የመሰለኝ።

በነጋታው ጠዋት እናቴ «እባብ! እባብ!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ስገባ ዱላ ይዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። መብራቱ ከግድግዳው ተላቆ ሸማው ላይ ተጋድሟል፣ ግማሹ ጉድጓድ ገብቷል። ደግሞ በርቷል።

ባርኮት ማስቲሽ ይዞ መጣ። አባቴ ሳቀበት።

«ማስቲሹ ምን ያደርግልሃል? ኖራ ዱቄት ነው። አንተ የለጠፍከው ዱቄቱ ላይ ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ ይወርዳል።»

ከቤት ጀርባ ሄዶ፣ ዶርዜ ያለው ወንድሙ ለአጥር የላከለትን ቀርከሃ አመጣ። በቢላ ሰነጠቀው። የቀርከሃ ጀርባ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ምንም አቧራ አይዝም። ስንጣሪዎቹን ከሸማው በላይ በሚስማር መታቸው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጋቸው፣ እስኪደርቅ ጠበቀ። «በል፣ እዚህ ላይ ለጥፍ» አለው። ተለጠፈ። ኖራ የተቀባ ቤት ሲገጥመኝ ዛሬም እንደዚያ ነው የማደርገው። አሁን የምሠራው ባርኮት ሱቅ ነው፤ እሱም ለሠራተኞቹ «የጋሼ ዘዴ» ብሎ ነው የሚያስተምረው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቀርከሃውን ሲሰነጥቅ ዓይኑ ቢላው ላይ አልነበረም። አውራ ጣቱ ነበር ከፊት እየቀደመ መንገዱን የሚፈልገው። ጎበዝ ሰው ሳያይ ይሠራል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ሹመት አገኘሁ።

«ሊሻን» አለኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቀለም የምታቀብዪው አንቺ ነሽ።»

ክሩ የሚጠነጠንበት አጭር ሸምበቆ ቀሰም ይባላል፤ መወርወሪያው ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። የየቀለሙ ቀሰም ቅርጫት ውስጥ ነው ያለው። በፊት አባቴ ራሱ ነበር ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው። አሁን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቅርጫቱን ታቅፌ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

«ቀዩን አቀብዪኝ።»

«ይኸው።»

«ጎበዝ። ወርቃማውን።»

«ይኸው።»

«ጎበዝ።»

እየፈተነኝ ነበር የመሰለኝ። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ጽፎ የሚያውቀውን ነገር ይጠይቀን የለ? እንደዚያ። ሦስት ሳምንት አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ጓደኞቼ ውጪ ገመድ ሲዘሉ እሰማለሁ፤ ግድ አልሰጠኝም። እናቴ አንድ ሁለቴ በሩ ጋ ቆማ ስታየን አይቻታለሁ። በእኔ የኮራች መሰለኝ።

ባለቤቲቱ ሙዝ አመጣችልኝ፤ በላሁ። መብራቱ አልመጣም። ልቀጥል።

ወይዘሮ ዘሪቱ ያን ሰሞን ነው የመጣችው። ሴቻ ሰፈር ነው የምትኖረው፣ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ከሰሜን በባሏ ሥራ መጥታ እዚሁ የቀረች ናት። ልጇ ዕድላዊት ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው። ነጠላዋን አባቴ እንዲሠራላት ፈለገች። ጥለቱ አረንጓዴ በወርቃማ።

«አረንጓዴው ደማቅ ይሁን፣ ጋሽ ዳልጮ። ሚዜዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። አደራዎትን!»

«ችግር የለም።»

የመጀመሪያውን ጫፍ ሠራ። አረንጓዴ አለኝ፣ አረንጓዴ ሰጠሁት። አማረ።

ነጠላ ሲሠራ ላላየ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ጥለት በሁለቱም ጫፍ ነው ያለው። የመጀመሪያው ጫፍ ሲያልቅ ከሸማው ጋር እየተጠቀለለ ይሄዳል። ሁለተኛው ጫፍ ላይ ሲደረስ የመጀመሪያው ጥቅልሉ ሆድ ውስጥ ተቀብሯል። ሁለቱ የሚተያዩት ሸማው ተቆርጦ ሲወርድ ነው።

ሁለተኛው ጫፍ ሊጀመር ሲል እናቴ ኦቾሎ የሚባል መንደር ለቅሶ ሄደች። ሦስት ቀን። ቤቱ የእኔና የአባቴ ሆነ።

«አረንጓዴውን አቀብዪኝ።»

ሰማያዊውን ሰጠሁት።

ክፋት አልነበረም። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚፈትነኝ፤ አንዴ እኔ ልፈትነው አልኩ። «አንቺ ሌባ!» ይላል፣ ጆሮዬን ይይዛል፣ እንስቃለን።

ተቀበለኝ። ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው።

«ጎበዝ» አለኝ። መወርወሪያው ውስጥ ከተተው።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ጨዋታው ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ፦ እሱም እያሾፈብኝ ነው፤ ቀድሞ የሳቀ ይሸነፋል። አልስቅም አልኩ። መወርወሪያው ከወዲያ ወዲህ ሄደ። ሰማያዊው ክር ገባ፣ ተመታ፣ ጠበቀ። አባቴ አልሳቀም። ጎበዝ ተጫዋች ነው ብዬ አደነቅኩት።

«አረንጓዴውን።»

ሰማያዊ።

«ጎበዝ።»

ማታ ራት ስንበላ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ዓሣ ነበር የበላነው፤ እሾሁን በጣቱ እየፈለገ አወጣልኝና ስለ ሌላ ነገር አወራ። በነጋታው ደግሞ ቁጭ አልን። አሁን አረንጓዴ ብሰጠው የትናንቱ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሰማያዊ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ቅርጫቱን ታቅፌ ዓይኔን ከእሱ እያሸሸሁ ነው የምሰጠው። እሱ ግን በያንዳንዱ «ጎበዝ» ይለኛል።

ወይዘሮ ዘሪቱ ሐሙስ መጣች። አባቴ ሸማውን ቆርጦ አጥፎ ሰጣት። ወደ በሩ ወሰደችው፣ ዘረጋችው፣ ሁለቱን ጫፍ አገናኘች።

«ውይ!» አለች።

«ምነው?» አለ አባቴ ከውስጥ።

«ይሄ ምንድነው፣ ጋሽ ዳልጮ?»

«ምኑ?»

«ምኑ ይሉኛል እንዴ! ይሄኛው አረንጓዴ፣ ያኛው ሰማያዊ! አይታይዎትም?»

አባቴ ከጉድጓዱ ወጣ። አጠገቧ ቆመና ጨርቁን ከእጇ ተቀበለ። አላየውም፤ ዳሰሰው። ጣቱ መጀመሪያ በአንዱ ጥለት ላይ ሄደ፣ ቀጥሎ በሌላው ላይ። እኔ ቅርጫቱን ታቅፌ አያለሁ።

«መብራቱ ነው» አለ።

«የምን መብራት?»

«ያስገባሁት። የሚለጠፈው። ቀለም ያሳስታል። ውስጥ ሲያዩት አንድ ነው፤ ውጪ ሲወጣ ይለያል።»

ወይዘሮ ዘሪቱ አንገቷን አስግጋ ስትሪፑን አየችው። እጇን ዘረጋችበት።

«ኧረ እውነትዎን ነው! እኔም እኮ ፀጉር ቤት ስገባ ፊቴ የሬሳ ፊት ሆኖ የሚታየኝ... ለካ ይሄ ነው!» ንዴቷ በረደ። «በሉ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረን። ይሄን ጫፍ ፈተው ይሥሩልኝ። በቀን ብርሃን! ዕድላዊት እንዳትሰማ፤ ታለቅሳለች።»

ስትሄድ አባቴን አየሁት። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ወድጄ አላውቅም። ለእኔ ሲል ዋሸ ብዬ ነው። ሽማግሌ ሰው፣ እሁድ እሁድ መዝሙር የሚያወጣ፣ እኔ እንዳልመታ ብሎ መብራት ላይ ዋሸ።

ለእኔ አልነበረም። እኔ እንደሰጠሁት አልጠረጠረም። የጠረጠረው ራሱን ነው። አረንጓዴ ብሎኝ ይሁን ሰማያዊ፣ ምን እንዳለ ማስታወስ አልቻለም፤ እኔን አምኖ ራሱን ነበር የማያምነው። ይሄን ያወቅኩት ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው።

አባቴ አሁን ያያል፤ ቀድሜ ልናገር፣ እንዳትጨነቁ። ያኔውኑ ሰኔ ላይ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሞራ ነው ተባለ፣ ሁለቱም ዓይኑ ላይ። በቀዶ ሕክምና ተነሣለት። ዛሬ ሲቀላ ገበያ ክር ይሸጣል፤ ከአሥር ዓይነት አረንጓዴ የትኛው የቱ እንደሆነ ከሩቅ ይነግርሃል። ወደ ሸማው ግን አልተመለሰም። ዓይኑ ተመልሶ ነበር፤ እሱ አልተመለሰም። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ወሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። «የዳልጮ መብራት ቀለም ይበላል።» ሰኞ ሁለት ሰው ክሩን ከእኛ ቤት ወስዶ ለሌላ ሸማኔ ሰጠ። ማክሰኞ ባርኮት በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ሊገጥምላቸው የነበሩ ሁለት ቤቶች «ይቅርብን» ብለውታል። እጁ ላይ የማንጎ ቅጠል ይዟል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቅጠል ነው።»

«ቅጠል ነው!» መብራቱ ሥር ያዘው። «አሁንስ? ሰማያዊ ሆነ? እቴቴ፣ አንቺ እይ! ሊሻን፣ ምን ሆኖ ታየሽ?»

«ቅጠል» አልኩ።

«ቅጠል ሌላ፣ ክር ሌላ» አለ አባቴ፤ ፊቱን አዞረ።

እናቴ ከኦቾሎ ተመልሳለች። ነጠላውን አጥፋ ሣጥን ውስጥ አስገባችው፤ ፈተህ ሥራው አላለችውም፣ እሱም አምጪው አላላትም። ቀን ቀን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ቅርጫቱን ታቅፌ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ቀለም አይጠይቀኝም። አወቀብኝ፣ ተቀየመኝ፣ አልኩ።

ረቡዕ እናቴ ከቤት ጀርባ ስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ና» አለች፤ «ነገሩ ከእኔ አቅም አልፏል።» ቀጥላ ዝም ብላ አዳመጠች። «ዕቃው የአባታችሁ ነው፤ ልውሰደው ካልክ አንተ ታውቃለህ። ግን እሱን ምን እናደርገዋለን?» አለች።

የደወለችው አጎቴ ኤርጫፎ ጋ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፤ ዶርዜ የሚኖር። የሸማው ዕቃ ከአያቴ የወረደ ስለሆነ አባቴ ይዞት ይቆይ አይቆይ የሚለው ነገር የእሱ ነው። አጎቴ ኤርጫፎ ከላይ ወርዶ እኛ ቤት ሲመጣ ትልቅ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ልከሰስ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ዓርብ ሊመሽ ሲል መጣ፤ ጋቢው በዝናብ ርሷል። ባርኮትንም አስጠራው። ዝናቡ ስለበረታ መስኮቷን ዘግተው የሸማው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ መብራቱ በርቷል። እናቴ ሻይ ቀዳች። «ውጪ ሂጂ» ያለኝ ስለሌለ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

አጎቴ ኤርጫፎ ጸለየ። አጭር ጸሎት። ቀጥሎ በጋሞኛ «በዚህ ቤት የተደበቀ ነገር አለ» አለ።

ከእኛ አገር ላልሆነ ሰው፦ ድሮ አንድ ቤት ሥራ እምቢ ሲል፣ ሰው ሲታመም፣ ጎሜ አለ ይባላል። ሳይነገር የተቀበረ ጥፋት ማለት ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ እያንዳንዱ የደበቀውን ያወጣል። እስኪወጣ ድረስ ነገሩ አይስተካከልም።

«ወንድሜ» አለ አባቴ፣ «እኛ ጌታን ተቀብለናል። ጎሜ ጎሜ አትበልብን።»

«ጌታ ተናዘዙ አላለም? የያዕቆብን መልእክት አላነበብክም?»

«አንብቤያለሁ።»

«ካነበብክ ዝም በል። ባርኮት፣ ከአንተ እንጀምር።»

ባርኮት ተቁነጠነጠ። «እኔ... እኔ የዚህ ዓይነት መብራት ገጥሜ አላውቅም ነበር። የእናንተ የመጀመሪያዬ ነው። ስልክ ላይ ቪዲዮ አይቼ ነው የገጠምኩት። አንዱን ደግሞ ያለ መቀሷ ቆርጬ ገድዬዋለሁ፤ ሲሞት ደብቄ ሌላ ገዛሁ።»

አጎቴ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። አባቴ ሳይቀር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ይቅር ተባልክ። ወርቂቱ።»

የእናቴ ሳቅ ቆመ። ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«የእኔ ዝም ማለት ነው» አለች። «ያየሁትን አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ብዙ ጊዜ።»

«ምን አየሽ?»

«ባለቤቱ ይናገረው። እኔ አልናገርበትም።»

አየችኝ ማለት ነው። ኦቾሎ ሆና እንዴት አየችኝ ብዬ አልጠየቅኩም፤ እናት ታያለች። ባለቤቱ ይናገረው። ባለቤቱ እኔ ነኝ።

«ዳልጮ» አለ አጎቴ።

«እኔ የለብኝም።»

«ምንም?»

«ምንም። መብራቱ ነው አልኳችሁ። ስንቴ ልናገር?»

እናቴ መሬት መሬት አየች። አጎቴ ኤርጫፎ ወንድሙን ለረጅም ጊዜ አየው። አሁን ሳስበው መውጫ እየሰጠው ነበር። አባቴ አልወጣም።

«እንግዲህ» አለ አጎቴ ወደ ባርኮት ዞሮ፣ አማርኛ እየሞከረ፣ «ወንድሜ መብራት ነው ካለ መብራት ነው። ንቀልና ውሰድ። ለሰውም ንገር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው በል።»

«እኔ?» ባርኮት ተነሣ። «እኔ ምን አጠፋሁ? እቴቴ፣ አንድ ቃል ተናገሪ እንጂ!»

እናቴ ባዶውን ብርጭቆ አነሣች።

«አለቀ» አለ አጎቴ። ጋቢውን ሰበሰበ።

እኔን አልጠየቀኝም። ልጅ አይጠየቅም። ተራዬን ስጠብቅ፣ የምለውን በልቤ ስደረድር ነበርኩ፤ «አለቀ» አለ። ባርኮት ወንበሩን ከመብራቱ ሥር እየጎተተ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አባቴ እኔ ባጠፋሁት ለእኔ ሲል ዋሽቶ፣ በውሸቱ ባርኮት ሊዋረድ ነው። ይሄ ሁሉ በእኔ ነው። ብናገር እኔ እመታለሁ፤ አባቴ ነጻ ይወጣል፣ ባርኮት ነጻ ይወጣል፣ የሸማው ዕቃም አይሄድም። ሂሳቡ ቀላል ነበር።

ተነሣሁ።

«እኔም አለኝ» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

«መብራቱ አይደለም። እኔ ነኝ። አባ አረንጓዴ ሲለኝ ሰማያዊ ሰጠሁት።»

«መቼ?» አለ አጎቴ።

«እማ ኦቾሎ እያለች። ሦስት ቀን።»

«አንዴ?»

«ብዙ ጊዜ። ለጨዋታ ብዬ ነው። ያየኛል ብዬ... አባ ቀሰሙን አይቶት ነው የወሰደው። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው፤ ጎበዝ አለኝ።» ማልቀስ ጀመርኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው።»

ጥፊውን ጠበቅኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። አልመጣም። ስከፍተው ማንም እኔን እያየ አይደለም።

ባርኮት ወንበሩ ላይ አንድ እግሩን እንደሰቀለ ቀርቷል። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሁሉም የሚያዩት አባቴን ነው።

አጎቴ ኤርጫፎ ቅርጫቱን ወደ ራሱ ሳበ። እጁን ከትቶ ሁለት ቀሰም አወጣ። መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸውና መዳፉን ወደ ወንድሙ ዘረጋ።

«ዳልጮ» አለው። ቁጣ የለበትም። ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነው የተናገረው። «የትኛው ነው አረንጓዴው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አባቴ እጁን አነሣ። እጁ ሁለቱ ቀሰሞች መሃል ደረሰና አየር ላይ ቆመ። ወደ አንዱ ሄደ። ተመለሰ።

ከዚያ ፊቱን አዞረ። ወደ እኔ ነው ያዞረው። ሥራ ላይ ሆኖ ቀለም ሲጠይቀኝ እንደሚያዞረው።

ማብሪያው ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ነበር። ማንም እንዳያየው መብራቱን አጠፋሁት።